የቺሊ ቀይ ወይን ብሌንድ፦ ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው ነገሮች እና እውነታው

ቺሊ ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው ሱፐርማርኬት ታችኛው መደርደሪያ ላይ ያለው ርካሹ ወይን ነው። አገሪቷ ግን በጣም ምርጥ የሚባሉ ቀይ ብሌንዶች፣ ማለትም ከተለያዩ የወይን ፍሬ ዝርያዎች ተቀላቅለው የሚሠሩ ወይኖች፣ አሏት፣ እና ስለነሱ የሚወራው ነገር አብዛኛው ልክ ስላልሆነ አንድ በአንድ ልሂድበት።

«ብሌንድ ማለት የተራረፈ ወይን ተቀላቅሎ ነው፣ ጥሩ ወይን ከአንድ ዝርያ ብቻ ነው የሚሠራው»

በፍጹም። አልማቪቫ፣ ሴኛ፣ ክሎ አፓልታ፣ እነዚህ የቺሊ ቁንጮ የሚባሉት ሁሉም ብሌንድ ናቸው። አሠራሩ ቦርዶ ከሚባለው የፈረንሳይ የወይን አካባቢ የመጣ ነው፣ እያንዳንዱ ዝርያ በየራሱ ጊዜ ይለቀማል፣ አብዛኛውን ጊዜ ለየብቻው ይብላላል፣ ከዛ ወይን ሠሪው ከየበርሜሉ እየቀመሰ የትኛው ስንት ፐርሰንት ይግባ የሚለውን ይወስናል። ካበርኔ ሶቪኞን ጥንካሬውንና ታኒኑን (አፍ የሚያደርቀውን ነገር) ያመጣል፣ ሜርሎ ያለሰልሰዋል፣ ካርሜኔር የቅመም ሽታ ይጨምርበታል፣ ፔቲ ቬርዶ ደግሞ ትንሽ ጠብ ተደርጎ ቀለሙን ያጠቁረዋል። የአየሩ ጠባይ በየዓመቱ ስለሚለያይ ፐርሰንቱም በየዓመቱ ይቀየራል። ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፣ በቺሊ ሕግ ጠርሙሱ ላይ የአንድ ዝርያ ስም ለመጻፍ 75 ፐርሰንቱ እሱ ከሆነ ይበቃል፣ ለአውሮፓ ገበያ ሲሆን ነው 85 የሚሆነው። ስለዚህ «ካበርኔ» የሚለው ጠርሙስም ውስጡ ሌላ ዝርያ ሊኖርበት ይችላል።

«ከፈረንሳዮቹ ጋር አይወዳደርም»

እ.ኤ.አ. በ2004 በርሊን ላይ የአውሮፓ ባለሙያዎች ተሰብስበው የማን ወይን እንደሆነ ሳያውቁ ቀመሱ፣ የቺሊ፣ የፈረንሳይና የጣሊያን ትልልቅ ስሞች ነበሩ የቀረቡት። አንደኛ የወጣው የ2000 ምርቱ ቪኜዶ ቻድዊክ፣ ሁለተኛው የ2001 ሴኛ፣ ሦስተኛው የፈረንሳዩ የ2000 ሻቶ ላፊት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱም የቺሊ! እርግጥ በአንድ ቅምሻ ሁሉ ነገር አያልቅም፣ ልጅ ወይን (ገና ብዙ ያልቆየ) ላይ የቺሊው ቶሎ ደስ ይላል፣ የቦርዶው ደግሞ ዓመታት ይፈልጋል። ግን አይወዳደርም የሚለውን ወሬ እዛው ቀብሮታል ብዬ ነው የማምነው።

«ቃሪያ ቃሪያ ከሸተተ ተበላሽቷል»

ይሄኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ የቺሊ ታሪክ ራሱ እዚህ ውስጥ ስላለ። ሽታው ፒራዚን ከሚባል ንጥረ ነገር ነው የሚመጣው፣ ካበርኔና በተለይ ካርሜኔር ውስጥ በብዛት አለ፣ ፍሬው እየበሰለ ሲሄድ ይቀንሳል። ካርሜኔር ድሮ የቦርዶ ዝርያ ነበር፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፊሎክሴራ የሚባለው ሥር የሚያጠቃ ተባይ የፈረንሳይን እርሻ ሲያወድም እዛ ጠፋ ማለት ይቻላል፣ ቀድሞ ወደ ቺሊ የሄደው ግን ተረፈ። ቺሊዎቹ ደግሞ ሜርሎ መስሏቸው ከሜርሎ ጋር አብረው ሲለቅሙት ኖሩ፣ እሱ ለመብሰል ሳምንታት እንደሚዘገይ ማን አወቀ፣ ስለዚህ ጥሬውን እየተለቀመ ወይኑ ሣር ሣር ይል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 ዣን ሚሼል ቡርሲኮ የሚባል ፈረንሳዊ የወይን ተክል ባለሙያ ቺሊ ማይፖ ሸለቆ እርሻ ውስጥ አይቶ ይሄ ካርሜኔር ነው አለ፣ ከዛ በኋላ አለቃቀሙ ተቀየረ። ስለዚህ ስትቀምሱ ከጥቁር እንጆሪው፣ ከትምባሆው ሽታ ኋላ ቀስ ብሎ የፈረንጅ ቃሪያ ከመጣ የዝርያው ጠባይ ነው፣ እንደውም ደስ ይላል። ፍሬውን ሁሉ ሸፍኖት እሱ ብቻ ከሸተተ ግን ሳይበስል ተለቅሟል ማለት ነው። የተበላሸ የሚባለው ሌላ ነው፣ የራሰ ካርቶን ከሸተተ ቡሹ በክሎታል፣ አትጠጡት መልሱት።

«አፍ የሚያደርቅ ወይን ጥሩ አይደለም»

እኛ ጋ ቀይ ወይን በኮካ ወይ በስፕራይት ቀላቅሎ መጠጣት የተለመደ ስለሆነ ብዙ ሰው መጀመሪያ ደረቁን ሲቀምስ ፊቱን ያጨማድዳል። ድድና ምላስ ላይ የሚይዘው ነገር ታኒን ነው፣ በጣም ወፍሮ እንደተቀዳ ጥቁር ሻይ። ከፍሬው ቆዳና ከዘሩ ይመጣል፣ ከእንጨት በርሜሉም ይጨመርበታል። መጠየቅ ያለበት አደረቀ ወይ ሳይሆን እንዴት አደረቀ ነው። ጥሩ ብሌንድ ላይ ታኒኑ ደቃቅና ለስላሳ ሆኖ አፍን ሙሉ ይነካል፣ ቀጥሎ ምራቅ የሚያመጣው ኮምጣጣነት ይመጣና ይመጣጠናል፣ ከዋጣችሁት በኋላም ጣዕሙ አፍ ውስጥ ይቆያል። ሻካራ ሆኖ ከቆየ፣ የፍሬው ጣዕም ቶሎ ጠፍቶ መራራው ብቻ ከቀረ ግን ዋጋው ምንም ቢሆን ደካማ ነው።

«ብርጭቆው ላይ እንባው ከወረደ ጥራት አለው»

የለም፣ እንባ የሚሉት ወይኑ ሲሽከረከር የብርጭቆው ጎን ላይ የሚወርደው ጠብታ በዋናነት አልኮል እንዳለው ነው የሚያሳየው። የጠርሙሱ ክብደትም ጥራት አይናገርም። ጠርሙሱ ላይ የሚጻፈው «ግራን ሬዘርቫ» የሚለውም ስፔን ላይ በሕግ የተወሰነ የቆይታ ዓመት አለው፣ ቺሊ ላይ ግን እንደዛ ጥብቅ አይደለም።

«ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት ነው የሚጠጣው»

ይሄ አባባል ቤቶች ቀዝቃዛ ከነበሩበት ከድሮ አውሮፓ የመጣ ነው። ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ይበቃዋል። የቺሊ ብሌንዶች አልኮላቸው ብዙ ጊዜ 14 ፐርሰንት አካባቢ ወይ ከዛ በላይ ስለሆነ ሲሞቁ አፍንጫ ያቃጥላሉ፣ ሽታው ሁሉ ይጠፋል፣ ሞቃት አገር ያላችሁ ለትንሽ ጊዜ ፍሪጅ አስገቡት።

«ተከፍቶ አንዴ ተጎንጭቶ ይፈረዳል»

ልጅ ብሌንድ እንደተከፈተ ብዙ ጊዜ ዝግ ነው፣ ሽታውና ጣዕሙ ገና አልወጣም። ብርጭቆውን ሲሶ ያህል ቅዱ፣ ሳታሽከረክሩት አሽትቱ፣ አሽከርክራችሁ እንደገና አሽትቱ፣ ትንሽ ተጎንጭታችሁ አፍ ውስጥ አንከባልሉት፣ ከዛ አስቀምጡትና ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተመለሱበት። ሰፊ ማንቆርቆሪያ ካላችሁ አንድ ሰዓት ቀድሞ መገልበጡ ያግዘዋል። በጣም ያረጀ ጠርሙስ ከሆነ ግን ተቃራኒው ነው፣ አየር ቶሎ ይገድለዋል፣ ከአንድ ቀን በፊት አቁሙትና አተላው ሲዘቅጥ ቀስ ብላችሁ ቅዱት።