በቤት የሚሠራ ሰው ሠራሽ ድሬድ

ሰው ሠራሽ ድሬድ ከአርቴፊሻል ፀጉር አንድ በአንድ ተሠርቶ ከራስ ፀጉር ጋር የሚጎነጎን ድሬድ ነው። እውነተኛው ድሬድ እስኪቆላለፍ ወራት ይፈጃል፤ ማፍረስ ሲፈለግም ብዙ ጊዜ ፀጉሩ ይቆረጣል። ይኸኛው ግን የራስ ፀጉር ሳይቆረጥ ተሠርቶ ይወልቃል።

በብዛት የሚመረጠው የጃፓኑ ካኔካ ኩባንያ የሚያመርተውና ለሹሩባም የሚውለው ካኔካሎን የተባለ አርቴፊሻል ፀጉር ነው። ክሩ የፕላስቲክ ዘር ስለሆነ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ በያዘው ቅርፅ ይጸናል። ሥራው ሁሉ የተመሠረተው በዚህ ነው።

መጀመሪያ አንድ ዘለላ ይወሰድና ጫፎቹ እየተሳሳቡ እንዲሾሉ ይደረጋል፤ በመቀስ የተቆረጠ የሚመስል ጫፍ ድሬዱን ገመድ ያስመስለዋል። መሃሉ ከታሰረ በኋላ ጥርሱ ደቃቅ በሆነ ማበጠሪያ ከጫፍ ወደ መሃል እየተገፋ እስኪንጨባረር ይበጠራል። ቀጥሎ ጠበቅ ተደርጎ ይከረርና እንፋሎት ላይ ይያዛል። ያኔ ክሩ በጣት መሃል ሲኮማተርና ሲጠነክር ይታወቃል። ለብ እያለ ከተለቀቀ ተመልሶ ይተረተራል፤ ፈጽሞ እስኪቀዘቅዝ አጥብቆ መያዝ ያስፈልጋል። እንፋሎት ክፉኛ ስለሚያቃጥል ወፍራም ጓንት የግድ ነው። ሙቀቱ ከበዛ ደግሞ ክሩ ያብለጨልጫል፣ ይደርቃል፤ እንዲህ የሆነውን መጣል ይሻላል።

ሁለት ጫፍ ያለው ድሬድ መሃሉ ላይ ስለሚታጠፍ አንዱ ሁለት ሆኖ ይወርዳል። ለሙሉ ራስ ከ40 እስከ 60 ያህል ይበቃል። ፀጉር በአራት ማዕዘን ይከፈላል፤ ድሬዱ ሥሩ ላይ ተጠልፎ አብሮ ይጎነጎንና በትንሽ ላስቲክ ይታሰራል።

አዲስ ካኔካሎን ብዙ ሰው ያሳክካል። ምክንያቱ ክሩ ላይ የሚቀረው ቅባት ነው። ሆምጣጤ በተጨመረበት ውሃ መዘፍዘፍና በደንብ ማለቅለቅ ይረዳል፤ ይህ ግን ከመደረጉ በፊት እንጂ ራስ ላይ ካለ በኋላ አይመችም።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ክብደቱ ነው። ቀጭን የፀጉር ክፍል ወፍራም ድሬድ ከተሸከመ ሥሩ ይጎተታል፤ ጉተታው ከቀጠለ በተለይ ግንባርና ጆሮ አካባቢ ፀጉር ይሳሳል፣ አንዳንዴም ሳይመለስ ይቀራል። ስለዚህ እዚያ ቀጫጭኖቹን ማድረግ ነው። ካደረገ ከቀናት በኋላም የሚያመው ሰው መልመድን ሳይጠብቅ ይፍታው። ሲታጠብም ሻምፖው በውሃ ቀጥኖ የራስ ቆዳን ብቻ ይነካል፤ የረጠበ ድሬድ ይከብዳልና ሳይደርቅ አይተኛበትም።

ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ከቆየ በኋላ ሲፈታ የረገፈ ፀጉር በእፍኝ ሊወጣ ይችላል፤ ብዙዎች ይደነግጣሉ። ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር ይረግፍበታል፤ ያ ሁሉ በጉንጉኑ ተይዞ ስለሚጠራቀም ነው በአንዴ የሚታየው። የወለቁት ድሬዶች ታጥበው እንደገና እንፋሎት ከተሰጣቸው ለሚቀጥለው ጊዜ ይቀመጣሉ።