ቀይና ሰማያዊ ሁልጊዜ ሐምራዊ አይሆኑም፤ ስለ ውሃ ቀለም የሰለቹኝ ስህተቶች

ባለፈው ቅዳሜ ፒያሳ አንድ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ውስጥ ነበርኩ። አንዲት እናት ለልጃቸው የውሃ ቀለም ሊገዙ መጥተዋል። ባለሱቁ ባለ 12ቱን አወጣላቸው። ገልበጥ አድርገው አዩትና «ይቺማ ምን ትሠራለታለች? ባለ 36 የለህም?» አሉት። እሱም «እውነትዎን ነው፣ በ12 ቀለም ምንም አይሠራም» አላቸው። ዝም ማለት አልቻልኩም። «እናቴ፣ ይቺ ትበቃዋለች፤ እንዲያውም ትተርፈዋለች» አልኳቸው።

እዚህ ጎንደር ልጆችን የውሃ ቀለም ማስተማር ከጀመርኩ ቆየሁ። በየዓመቱ የሚመጡት ልጆች ይለያያሉ፤ ይዘውት የሚመጡት የተሳሳተ ነገር ግን ያው ነው። ዛሬ አንድ በአንድ ልጻፈው።

«ቀለሙ በበዛ ቁጥር ስዕሉ ያምራል»

አያምርም። ባለ 12ቱን ሳጥን ይዛችሁ ሁለት ሁለት እያደረጋችሁ ብትደባልቁ 66 ጥንድ ይወጣችኋል። ይሄ እኩል በእኩል ብቻ ነው። አንዱን አብዝታችሁ ሌላውን ስታሳንሱ፣ ውሃውን ስትጨምሩና ስትቀንሱ፣ ቆጥራችሁ አትጨርሱትም። ባለ 36ቱ ውስጥ ካሉት ተጨማሪ ቀለሞች ብዙዎቹ ፋብሪካው ቀድሞ የደባለቃቸው ናቸው። ቤታችሁ መሥራት የምትችሉትን በገንዘብ ትገዛላችሁ። ልጁ ደግሞ የፈለገው ቀለም ተዘጋጅቶ ስለሚጠብቀው መደባለቅ ሳይማር ይቀራል።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ ስትገቡ ቀና ብላችሁ ጣሪያውን እዩ። ከመቶ በላይ የመላእክት ፊት ቁልቁል ያያችኋል። ሥራው የውሃ ቀለም አይደለም፣ እሱን አውቃለሁ። ግን ቀለሞቹን ቁጠሩ። የእጃችሁ ጣት ሳያልቅ ትጨርሳላችሁ። እኔ ልጆቹን ይዤ እየሄድኩ አስቆጥራቸዋለሁ።

«ቀይና ሰማያዊ ሲደባለቁ ሐምራዊ ይሆናሉ»

ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ። ሁሉም ሰው ያውቀዋል፣ ሁሉም ያስተምረዋል፤ ልጆችን ከሥዕል የሚያስኮበልለው ደግሞ እሱው ነው።

አንዲት የ11 ዓመት ተማሪ ነበረችኝ። ጥምቀትን መሳል ፈለገች። የፋሲለደስን መዋኛ፣ በግንቡ ላይ ሥራቸውን የዘረጉትን ትልልቅ ዛፎች፣ ካህናቱን፣ ታቦቱን ሁሉ በእርሳስ ነደፈች። ቆንጆ ንድፍ ነበር። ከሁሉ በላይ የጓጓችው ግን ለአንድ ነገር ነው፤ ጠርዙ ላይ የወርቅ ዘርፍ ላለው ሐምራዊ የከፋይ ጥላ።

ቀዩን በብሩሽ ነካች። ሰማያዊውን ጨመረች። ጭቃ ሆነ። ቀይ ጨመረች፤ ቡናማ ሆነ። ሰማያዊ ጨመረች፤ አመድ መሰለ። በውሃ አጥባ እንደገና ሞከረች። ጥላው ያለበት ቦታ ወረቀቱ ተፈግፍጎ ጠጉር አወጣ። እኔ ሌላ ልጅ ጋ ነበርኩ። ዞር ስል እንባዋ ዓይኗ ላይ ሞልቷል። «ቲቸር፣ እኔ አልችልበትም» አለችኝ።

ቀለሙ ተበላሽቷል አላለችም። ራሷን ነው የወቀሰችው። ቀይና ሰማያዊ ሐምራዊ ይሆናል ተብላ ተምራለች፤ ሌላው ሰው እጅ ላይ የሚሆነው እሷ እጅ ላይ እምቢ ካለ ጥፋቱ የእሷ መሆኑ ነው። ይሄንን በስንት ልጆች ፊት ላይ አይቻለሁ መሰላችሁ።

እውነታው እንዲህ ነው። «ቀይ» የሚባል አንድ ቀለም የለም። ቲማቲም አለ፣ ቀይ ሥር አለ። ሁለቱንም ቀይ እንላቸዋለን። ቲማቲሙ ውስጡ ቢጫ አለበት፣ ወደ ብርቱካናማ ያደላል። ቀይ ሥሩ ወደ ሐምራዊ ያደላል። ሰማያዊም እንደዚሁ ነው። አንዱ ወደ አረንጓዴ ያደላል፣ ሌላው ወደ ሐምራዊ። ልጅቷ የወሰደችው ቲማቲሙን ቀይና ወደ አረንጓዴ የሚያደላውን ውሃ ሰማያዊ ነበር። ቲማቲሙ ቢጫ ይዞ መጣ። ሰማያዊውም አረንጓዴ ይዞ መጣ። ቀይ፣ ሰማያዊና ቢጫ አንድ ላይ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ብርሃን ይውጠዋል። የሚተርፈው ጭቃ ነው። ሺህ ጊዜ ብትደባልቁት ጭቃ ነው።

ሳጥኗን አገላብጬ አየሁት። መፍትሔው እዚያው ውስጥ ነበር። በባለ 12ቱ ሳጥን ብዙ ጊዜ ሁለት ቀይ አለ፤ አንዱ ከብርቱካናማው አጠገብ፣ ሌላው ወደ ጽጌረዳ የሚያደላ። ሁለት ሰማያዊም አለ፣ ፈዘዝ ያለና ጠቆር ያለ። ብሩሿን አጥባ ጽጌረዳውንና ጠቆር ያለውን ሰማያዊ እንድትወስድ ነገርኳት። በሳጥኑ ነጭ ክዳን ላይ ገና ሲነካኩ ሐምራዊው ብቅ አለ። «እንዴ!» ብላ ጮኸች። ክፍሉ በሙሉ ዞር አለ።

ጠቆር ያለው ሰማያዊ ብዙውን ጊዜ አልትራማሪን የሚባለው ነው። ድሮ ከአፍጋኒስታን ከሚወጣ ድንጋይ ነበር የሚሠራው፣ ዋጋው ከወርቅ ጋር የሚወዳደር። እ.ኤ.አ. በ1828 አካባቢ ፈረንሳይ ውስጥ በፋብሪካ ማምረቻ ዘዴ ተገኘለት። ዛሬ በርካሹ ሳጥን ውስጥ ሳይቀር የምናገኘው ለዚህ ነው።

የማያምነኝ ሰው ፎቶ ኮፒ ቤት ይሂድና የባለቀለሙን ፕሪንተር ክዳን ያስከፍት። ውስጡ ቀይና ሰማያዊ አያገኝም። ማጀንታ፣ ሲያን፣ ቢጫና ጥቁር ነው ያለው። ማጀንታ ማለት ያ የቀይ ሥሩ ወገን ነው። ሲያን ደግሞ ወደ አረንጓዴ ያደላ ሰማያዊ ነው፤ ግን ማጀንታው ንጹሕ ስለሆነ፣ ቢጫ ስለሌለበት፣ ሐምራዊው ይወጣል። ሙሉ መጽሔት በነዚህ አራቱ ይታተማል።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ሳጥናችሁን አውጡና ይሄንን አድርጉ። እያንዳንዱን ቀለም በብዙ ውሃ አቅጥናችሁ ነጭ ወረቀት ላይ አንድ አንድ ጣት የሚያህል ቀቡ። መቅጠን አለበት። ወፍራም ሆኖ ሲቀባ ሁሉም ጠቁሮ ይመሳሰላል፤ ወዴት እንደሚያደላ የሚታየው ሲቀጥን ነው። ቀዮቹን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ጠይቁ፤ ይሄ ቲማቲም ነው ወይስ ቀይ ሥር? ቢጫዎቹንም እንዲሁ፤ ሎሚ ነው ወይስ የእንቁላል አስኳል? ሰማያዊው ወደ አረንጓዴ ነው ወይስ ወደ ሐምራዊ? ስማቸውን ከሥር ጻፉላቸው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀላል ነው። ሐምራዊ ስትፈልጉ ቀይ ሥሩን ከጠቆረው ሰማያዊ ጋር። ደማቅ ብርቱካናማ ስትፈልጉ ቲማቲሙን ከአስኳሉ ጋር። ለምለም አረንጓዴ ስትፈልጉ ሎሚውን ወደ አረንጓዴ ከሚያደላው ሰማያዊ ጋር። ፈዘዝ ያለ፣ አፈር አፈር የሚል ቀለም ስትፈልጉ ደግሞ ሆን ብላችሁ አጣርሷቸው። ልጅቷን ያስለቀሳት ጭቃ የበጋን የደረቀ ሣር ለመሳል የሚመስለው የለም።

ሳጥናችሁ ቀይ ሥር የሚመስል ከሌለው ባለ 36 አትግዙ። አንድ ቱቦ ማጀንታ ወይም ጽጌረዳማ ቀይ ለብቻው ፈልጋችሁ ግዙ። ሳጥኑ ውስጥ ካሉት ሁሉ በላይ የምትጠቀሙበት እሱን ይሆናል።

«ጥላ ማለት ጥቁር ነው»

ከሰዓት በኋላ ፋሲል ግቢ ሄዳችሁ ግንቡ ሣሩ ላይ የጣለውን ጥላ አስተውሉ። ጥቁር ነው? አይደለም። የጠቆረ አረንጓዴ ነው። የግንቡ ድንጋይ ራሱ በጥላ በኩል ሰማያዊ ሰማያዊ ይላል። ልጆቻችን ግን ጥላ ሲባሉ ጥቁሩን አንስተው ይለቀልቁታል፤ ግንቡም የተቃጠለ ይመስላል።

ቡናማውንና ጠቆር ያለውን ሰማያዊ ደባልቁ። እኩል ሲሆኑ ጥቁር ለማለት የሚያበቃ ይወጣል፣ ግን ሕይወት ያለው ጥቁር ነው። ሰማያዊውን ስታበዙ ቀዝቃዛ ጥላ፣ ቡናማውን ስታበዙ ፀሐይ የነካው ድንጋይ ታገኛላችሁ። ግንቡን በሙሉ በነዚህ በሁለቱ ብቻ መጨረስ ይቻላል። ጨርሻለሁም።

ጥቁሩን ግን አትጣሉት። ከቢጫ ጋር ደባልቁት፤ የወይራ ቅጠል አረንጓዴ ይሰጣችኋል።

«ነጭ ነገር በነጭ ቀለም ይቀባል»

በውሃ ቀለም ነጩ ወረቀቱ ነው። አለቀ። ነጠላ የለበሰች ሴት ስትስሉ ነጠላውን አትቀቡትም፣ ትተዉታላችሁ። የምትቀቡት እጥፋቱን ነው፤ በጣም በቀጠነ ሰማያዊ ግራጫ። ፈዛዛ ሰማይም ቢሆን በውሃ ነው የሚፈዘው። ነጩን ከደባለቃችሁበት ብርሃን ማሳለፉን ያቆማል፤ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል።

«አረንጓዴ ስላለ ሣሩን በእሱ ቀባው»

የሳጥኑ አረንጓዴ እንዳለ የትም አታገኙትም። ትንሽ ቡናማ ወይም ቀይ ጠብ አድርጉበት። በመስከረም አደይ አበባ ያለበትን ሜዳ የምትስሉ ከሆነ ግን ሎሚ ቢጫውን ጨምሩበት።

«የሰው ቆዳ ቀለም ያ ሐመር ሮዝ ነው»

አንዳንድ ሳጥን ውስጥ ሐመር ሮዝ ቀለም አለ፣ ሰዎች «የሥጋ ቀለም» ይሉታል። የማን ሥጋ? ልጆቻችን እናታቸውን በእሱ ሲቀቡ ሳይ በጣም ነው የሚያመኝ። አማርኛችን ጠይም ይላል፣ የቀይ ዳማ ይላል፣ ጠቆር ያለ ይላል። ይህን ሁሉ የሚለይ ቋንቋ እያለን ለፊታችን ከአንድ ሮዝ ጋር መጣላት የለብንም።

መነሻው ቡናማው ነው። ለቀይ ዳማ ቡናማውን አቅጥናችሁ አስኳል ቢጫና የቲማቲሙን ቀይ ትንሽ ትንሽ ጨምሩ። ለጠይም ቡናማውን አጠንክሩት፤ ጥላ ያለበት ጉንጭ ላይ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ይግባ። ለጠቆረ ፊት ሰማያዊው ይብዛ፣ ግንባሩ ላይ ብርሃን ያረፈበትን ግን ቀጠን አድርጋችሁ ተዉት። አንድ ልጅ አያቱን በዚህ መንገድ ሳላቸው። ሥዕሉ ሳይደርቅ አያቱን ጠርቶ አሳያቸው። ጉንጫቸውን በጣታቸው ነክተው «እኔ ነኝ እኮ» አሉት።

ሌሎቹን በአጭሩ ልለፋቸው።

«የደረቀ ቀለም ተበላሽቷል።» አልተበላሸም። የሚያያይዘው የግራር ሙጫ ነው፣ ውሃ ሲነካው ይፈታል። ሁለት ጠብታ አድርጉበትና ትንሽ ጠብቁ።

«እርጥብ ሆኖ የታየው ቀለም ነው የሚቀረው።» ሲደርቅ ይፈዛል። ከምትፈልጉት ትንሽ አጠንክሩት።

«አንድ ብርጭቆ ውሃ ይበቃል።» አይበቃም። አንዱ ብሩሽ ማጠቢያ፣ አንዱ ንጹሕ። ቢጫው አረንጓዴ የሚሆንባችሁ በቆሸሸ ውሃ ነው።

«ወረቀት ያው ወረቀት ነው።» እዚህ ላይ ግን ቆም እላለሁ። ሰው ገንዘቡን በሙሉ ቀለም ላይ አውጥቶ በደብተር ወረቀት ይስላል። የደብተር ወረቀት በካሬ ሜትር ከ60 እስከ 80 ግራም ነው። ውሃ ሲነካው ይጨማደዳል፣ ቀለሙ ጉድጓዱ ውስጥ ይጠራቀማል። ለውሃ ቀለም የሚሆነው 300 ግራሙ ነው፤ ካልተገኘ 200ውም ያስኬዳል።

እኚያ እናት በመጨረሻ ባለ 12ቱን ነው የገዙት። በተረፋቸው ብር ወፍራም ወረቀት እንዲገዙ ነገርኳቸው። ባለሱቁ ከላይኛው መደርደሪያ አቧራ የጠጣ ጥቅል አወረደ። ሦስት ትልልቅ ሉህ ወሰዱ፣ እዚያው አራት አራት ቦታ አስቆረጡት። 12 ወረቀት፣ 12 ቀለም። ልጁ ሳጥኑን ደረቱ ላይ ለጥፎ ወጣ።