የትንፋሽ ማጠር፦ በአገራችን በብዛት የሚታዩት መንስኤዎች

የትንፋሽ ማጠር የሌላ ሕመም ምልክት እንጂ ራሱን የቻለ በሽታ አይደለም። ሕመምተኛው «ያፍነኛል»፣ «ዳገት እምቢ አለኝ» ይላል። ጤነኛ አዋቂ ሰው ዐርፎ ሲቀመጥ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። በሰፈር ወሬ ትንፋሹ ያጠረው ሁሉ «አስም አለበት» ይባላል። ይህ ስም ብዙ ሰው ጎድቷል።

እውነተኛው አስም መጣ ሄድ ይላል። ሌሊትና ንጋት ላይ ይብሳል፣ ደረት ውስጥ ያፏጫል። ብርድ፣ አቧራ፣ ጭስና ጉንፋን ይቀሰቅሱታል። ብዙዎች ቬንቶሊን የሚሉት፣ በፓፍ የሚሳበው ሳልቡታሞል ቶሎ ያስታግሳል። የአየር ቧንቧውን ብግነት ግን አያጠፋም፤ ለዚያ በየቀኑ የሚሳብ ሌላ መድኃኒት አለ። «ፓፍ ሱስ ያስይዛል» የሚባለው ስህተት ነው።

ሕፃናት ላይ ቀድሞ የሚጠረጠረው ሳንባ ምች ነው። ልብሱን ገለጥ አድርጎ፣ ሆዱ ሲነሳ ሲወርድ እያዩ፣ አንድ ሙሉ ደቂቃ ትንፋሹን መቁጠር ነው። ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ላለ ሕፃን 50ና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ ደግሞ 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው። ከጎድኑ በታች ወደ ውስጥ ከሰረጎደ ጊዜ የለም።

ሰፊውን ቦታ መያዝ ያለበት ሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። ነገሩ የሚጀምረው ከጉሮሮ ነው። አንዲትን ልጅ ቶንሲል ያማታል። ሻይ በዝንጅብል ትጠጣለች፤ አንዳንድ ቦታ እንጥሏ ይቆረጣል። የጉሮሮው ጀርም ስትሬፕቶኮከስ ከሆነና ካልታከመ፣ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ቆይቶ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ሊያብጥ ይችላል። ሰውነት ጀርሙን ሊዋጋ ያሰለፈው መከላከያ የልብን ቫልቭ፣ ማለትም ደም የሚያልፍበትን በር፣ ያቆስላል። ቫልቩ ይጠባል ወይም ያፈሳል። ከዚያ ለዓመታት ዝም ይላል። አንድ ቀን ልጅቷ ጄሪካኗን ተሸክማ ዳገቱ መሀል ትቆማለች። ቆይቶ በጀርባዋ መተኛት ያቅታታል፤ ጋቢ አጣጥፋ ግድግዳ ተደግፋ ታድራለች። ብዙ ሴቶች ላይ የሚታወቀው በእርግዝና ነው፤ ያን ጊዜ የደሙ መጠን ስለሚጨምር የጠበበው ቫልቭ አይችለውም።

አንዴ የታመመ ሰው ሕመሙ እንዳይመለስበት መከላከያው ርካሽ ነው፦ በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ የሚወጉት ቤንዛቲን ፔኒሲሊን። መርፌው ያማል፤ ቢሆንም መቋረጥ የለበትም። ጸበል የሚጠመቅም ሰው ቀጠሮውን ይጠብቅ። ቫልቩ ክፉኛ ለተጎዳበት ቀዶ ሕክምና አለ። ዶክተር በላይ አበጋዝና አጋሮቻቸው ለዓመታት ደክመው በ2001 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ያስከፈቱት የልብ ሕክምና ማዕከል፣ ድሮ ውጭ አገር ካልተላኩ ተስፋ ያልነበራቸውን ልጆች እዚሁ እያከመ ነው። ይህ ትልቅ የአገር ኩራት ነው።

ከዕድሜ ጋር ደግሞ የደም ግፊት ልብን ያደክማል። እግር ያብጣል፣ ትራስ ይደራረባል።

በማገዶና በኩበት ጭስ ውስጥ ዘመናቸውን እንጀራ የጋገሩ እናቶች፣ ሲጋራ ሳይቀምሱ፣ ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ሊይዛቸው ይችላል። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል የቲቢ ምርመራ ይፈልጋል። ደም ማነስም ትንፋሽ ያሳጥራል፤ መዳፍና የዐይን ሽፋን ውስጡ ይነጣል። ከወሊድ ወይም ከረጅም በረራ በኋላ አንድ እግር አብጦ ትንፋሽ ድንገት ካጠረ፣ የረጋ ደም ወደ ሳንባ ሄዶ ሊሆን ይችላል። ጭንቀትም ያደርገዋል፤ ግን ሌላው ተመርምሮ ሳይጣራ «ጭንቀት ነው» ማለት አይገባም።

አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ከቆላ ወይም ከውጭ የመጣ እንግዳ ለጥቂት ቀናት ሊያለከልክ ይችላል። ከፍታው አስምን ያብሳል የሚሉ አሉ፤ ምናልባት ብርዱና ጭሱ ይሆናል።

ከንፈር ከጠቆረ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተ፣ ደረት ከተጨመቀ፣ በአዲስ አበባ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። እስኪደርስ ሕመምተኛው በጀርባው አይተኛ፤ ተደግፎ ይቀመጥ፣ መስኮቱ ይከፈት፣ ከሰሉ ከቤት ይውጣ።