ነጩን ማን ቀባው? ስለ ውሃ ቀለም ሥዕል የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ትንሽ ወረቀት ላይ አንድ ነጭ ኩባያ በውሃ ቀለም ተስሏል እንበል። ብዙ ሰው "ደስ ይላል" ብሎ ያልፈዋል። ቆም ብሎ እንዳያይ የሚያደርጉት ደግሞ እነዚህ አመለካከቶች ናቸው።

"ኩባያው ነጭ ቀለም ተቀብቷል"

አብዛኛውን ጊዜ አልተቀባም። የውሃ ቀለም ስስ ስለሆነ ብርሃን ያሳልፋል። ብርሃኑ ወረቀቱን ነክቶ ነው ወደ ዓይናችን የሚመለሰው። ስለዚህ ነጩ ወረቀቱ ራሱ ነው። ሠዓሊው የሳለው ዙሪያውን ያለውን ጥላ ነው፤ ኩባያውን ትቶታል። ከንፈሩ ላይ የምታብረቀርቀዋ ነጥብም ገና ከጅምሩ ብሩሽ እንዳይነካት የተጠበቀች ናት። እኔ መጀመሪያ የምፈልገው እሷን ነው። (ነጭ ቀለም የሚጨምሩም አሉ፤ ነውር የለውም።)

"ፈዘዝ ያለው ሠዓሊው ስላልቻለበት ነው"

እስቲ ጥላውን ጠጋ ብላችሁ እዩት። ከሩቅ ግራጫ ይመስላል፤ ከቅርብ ግን ሰማያዊው ከቡናማው ጋር ሲቀላቀል ይታያል። አንዱ ጠርዝ ቁርጥ ያለ ነው፦ ወረቀቱ ደርቆ ሳለ የተቀባ። ሌላው ሟሙቶ ጠፍቷል፦ ወረቀቱ እርጥብ እያለ የተቀባ። በዚያ ላይ የውሃ ቀለም ሲደርቅ ይፈዝዛል። ሠዓሊው እርጥቡን እያየ ደረቁን መገመት አለበት። ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ።

"አንዴ ከተሳሳቱ አለቀ"

ሁሌም አይደለም። ቀለሙን የሚያጣብቀው ሙጫ ውሃ ሲነካው መልሶ ይሟሟል። በእርጥብ ብሩሽ የሚነሳ ቀለም አለ፤ ወረቀቱን ነክሶ የሚቀርም አለ።

"ኩባያ ደግሞ ምኑ ይሳላል? የእርሳሱ መስመርስ ለምን አልጠፋም?"

ፈረንሳዊው ሠዓሊ ፖል ሴዛን በ1906 እ.ኤ.አ. ከመሞቱ በፊት በነበሩት ዓመታት ማሰሮና ጠርሙስ፣ ፍራፍሬም ጭምር በውሃ ቀለም ይስል ነበር። እርሳሱን አልደበቀም፤ ባዶ ወረቀትም እንዳለ ይተው ነበር። መስመሩ የሠዓሊው እጅ የሄደበት መንገድ ነው።

"ደህና ብርሃን ያለበት ግድግዳ ላይ ይሰቀል"

ይሄ ነው የሚያናድደኝ። ብርሃን ብዙ ቀለሞችን ቀስ በቀስ ያደበዝዛል፤ ወረቀቱንም ይጎዳል። ጀርመናዊው ሠዓሊ አልብረሽት ዱረር በ1502 እ.ኤ.አ. በውሃ ቀለም የሳላት ጥንቸል ቪየና፣ አልበርቲና ሙዚየም ውስጥ ናት። ዋናዋ ሥዕል ለሕዝብ የምትቀርበው ከስንት አንዴ ነው፤ አብዛኛውን ዕድሜዋን ጨለማ ውስጥ ታሳልፋለች። የእናንተም ኩባያ ቢያንስ ፀሐይ የማያገኘው ግድግዳ ይፈለግለት።