«በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል»፦ ትርጉሙና አመጣጡ

ልጅ ሆኜ ሰፈራችን ውስጥ ሁለት ጎረምሶች ድንጋይ ጨብጠው ሲፋጠጡ አይቻለሁ። በአካባቢው የሚገላግል አዋቂ አልነበረም። አንዲት ነጠላ ያጣፉ አሮጊት ከጓሮ ብቅ አሉና «በሕግ አምላክ!» አሉ። አንዴ ብቻ። አንደኛው ድንጋዩን ጣለ። ሌላኛውም ትንሽ ቆይቶ ጣለ። እማማ ጉልበት የላቸውም፣ ሥልጣን የላቸውም። ታዲያ ልጆቹን ምን ያዛቸው? ይህ ነገር እስከ ዛሬ ያስገርመኛል።

የአባባሉ ትርጉም ከባድ አይደለም። ውሃ ቁልቁል መውረድ ተፈጥሮው ነው። ማንም ቢለምነው አይመለስም። እሱ እንኳ የሕግ ስም ሲጠራ ከቆመ፣ ነፍስ ያለው ሰው እንዴት ሰምቶ ያልፋል? ነው ነገሩ። ጠብ ሲገላገል ይነገራል። ሕግ ሲጣስም በቁጭት ይነገራል፤ ትልልቅ ሰዎች «ድሮማ በሕግ አምላክ ሲባል ውሃ ይቆም ነበር» ሲሉ ሰምታችሁ ይሆናል።

እኔን የሚስበኝ «አምላክ» የምትለው ቃል ናት። ለምን «በሕግ» ብቻ አልተባለም? አንዱ ምክንያት ፍትሐ ነገሥት ይመስለኛል። ለዘመናት ዳኞቻችን ሲጠቅሱት የኖሩት ይህ መጽሐፍ 51 አንቀጽ አለው። የመጀመሪያዎቹ 22 የቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ናቸው፤ የቀሩት 29 የውርስ፣ የብድር፣ የሽያጭ፣ የወንጀል። ጾምና ብድር በአንድ መጽሐፍ ነው የተዳኙት። ስለዚህ ሕግ የጣሰ ሰው ዳኛውን ብቻ አይፈራም።

አመጣጡ ደግሞ ከመንገድ ነው። ድሮ በየሰፈሩ ፖሊስ ጣቢያ የለም። የተበደለ ሰው በዳዩን መንገድ ላይ ሲያገኘው «በንጉሥ አምላክ ቁም!» ይለዋል። በምኒልክ ዘመን «በምኒልክ አምላክ!» ይባል ነበር። የተጠራው ሰው ጥሎ ከሄደ ጥፋቱ እጥፍ ነው፤ ንጉሡን ንቋልና። ከቆመ ግን የሁለቱ ነጠላ ጫፍ ለጫፍ ይቋጠራል። ከሳሽና ተከሳሽ እንዲህ ተቆራኝተው ዳኛ ዘንድ ይሄዳሉ። ዳኛው ሩቅ ከሆነም ያገኙትን መንገደኛ «ዳኘን» ይሉታል። ሰውየው ዛፍ ሥር ተቀምጦ ይሰማል። በላ ልበልሃ፣ ማለትም የቃል ሙግቱ፣ ይጀመራል።

እስቲ አስቡት። የጥጥ ነጠላ ቋጠሮ ነው። አንድ ጎረምሳ በአንድ እጁ ፈትቶ ሊሮጥ ይችላል። ወታደር የለ፣ ዘበኛ የለ። አገራችንን ያዩ የውጭ ተጓዦች ይህን ተገርመው ጽፈውታል። ቋጠሮውን የሚጠብቀው መንገደኛው፣ እረኛው፣ ውሃ ቀጂዋ፣ ያየ ሁሉ ነበር። ሮጦስ የት ይገባል?

ሕግ የሰውን ጠባይ ይለውጣል ወይ ለሚል ሰው፣ እኔ ከዚህ ቋጠሮ ነው የምጀምረው። ይለውጣል። የሚይዘው ሕዝብ ሲያገኝ።

ጠለፋን እንውሰድ። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠለፋን ወንጀል አድርጎታል። ግን ጠላፊው ልጅቷን ካገባት ከክስ ይድናል። ታዲያ ምን ሆነ? ይጠልፋል፣ ሽማግሌ ይልካል፣ ይታረቃል፣ ያገባታል። ያቺ ልጅ በጠለፋት ሰው ቤት ዕድሜዋን ትገፋለች። ሕጉ ራሱ ለልማዱ በር ከፍቶ ነበር! በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ያንን በር ዘጋ። አንቀጽ 587 ጠላፊውን ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ ጋብቻም ከቅጣት አያድንም ይላል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሽማግሌዎቹ ደጅ ሲቆሙ «ሕጉ አይፈቅድም» የሚል አባት፣ ከኋላው የሚደገፍበት ነገር አገኘ።

የሴት ልጅ ግርዛትም በዚሁ ሕግ በግልጽ ወንጀል ሆኗል። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 80 በመቶው የተገረዙ ነበሩ። በ2008 ዓ.ም. 65 በመቶ ሆነ። ከ15 እስከ 19 ዓመት ያሉት ልጆች ዘንድ ደግሞ 47 በመቶ። ቀንሷል፤ ለእኔ ግን አሁንም የሚያም ቁጥር ነው። በየቦታው በሌሊት፣ በድብቅ የሚገርዙ አሉ። ያለ ዕድሜ ጋብቻንም የማኅበር ድግስ አስመስለው የሚደግሱ አሉ። ጎረቤት እያወቀ እንጀራውን በልቶ ይወጣል። እዚያ ድንኳን ውስጥ «በሕግ አምላክ» የሚል ሰው ጠፋ ማለት ነው።

ከምባታ ላይ የሆነው ግን ሌላ ነው። የሴቶች መብት ተሟጋቿ ቦጋለች ገብሬና ድርጅቷ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ሽማግሌውን፣ እናቱን፣ ወጣቱን፣ የእምነት አባቱን በአንድ ላይ አስቀምጠው አወያዩ። ቁጣም ዛቻም ሳይሆን፣ ወሬ። እየተደጋገመ የሚደረግ ወሬ። ያልተገረዘች ሙሽራ በሕዝብ ፊት ተድራ «ከእኔ ተማሩ» አለች። ይህ ሁሉ የተጀመረው የ1996ቱ ሕግ ከመውጣቱ በፊት ነው። ሕጉ ሲመጣ የሚቀበለው ሰው ተዘጋጅቶ ጠበቀው።

በከተማችን በየቀኑ የማየው ደግሞ ተቃራኒውን ነው። ታክሲ ውስጥ ትርፍ ይጫናል። ትራፊክ ፖሊስ ከሩቅ ሲታይ ረዳቱ «ዝቅ በሉ!» ይላል። የቆሙት ሁሉ ያጎነብሳሉ። ከፊት የሚመጣው ሾፌርም መብራት ብልጭ አድርጎ ያስጠነቅቃል። ሕጉ ለእኛው ነፍስ የወጣ ነው። እኛ ግን ከሕጉ እንሸሸጋለን።

አንድ ቀን ማታ፣ ዝናብ እየጣለ፣ ልጅ ያቀፉ እናት ከጥግ ተነሡ። «በሕግ አምላክ! ትርፉን ሳታወርድ አትሄድም» አሉት ሾፌሩን። ሰው ሁሉ ዝም አለ። ረዳቱ ሊመልስላቸው አፉን ከፈተና ተወው። ሾፌሩ ዳር ያዘ። አጎንብሰን የነበርነው አራት ነን። አንድ በአንድ ወረድን።