የሕይወት ክህሎት ምንድን ነው?

ሰቃይ የምንለው ተማሪ አለ። ከታችኛው ክፍል ጀምሮ አንደኛ ሲወጣ የኖረ፣ የ12ኛ ክፍል ፈተናንም ጥሩ አድርጎ ያለፈ። ካምፓስ ገብቶ ሁለት ወር ሳይሞላው ግን ግራ ይገባዋል። ነን ካፌ ሆኖ፣ ማለትም በካምፓሱ ካፌ መመገቡን ትቶ፣ ለምግቡ የተቀበለው ብር ወሩ ሳይጋመስ ያልቅበታል። አሳይመንት የሚጀምረው ማስረከቢያው ዋዜማ ሌሊት ላይ ነው። ትምህርት ሲከብደው መምህሩን ከመጠየቅ ዶርም ተሸፋፍኖ መተኛት ይቀለዋል። ጉብዝናው የትም አልሄደም። የጎደለው የሕይወት ክህሎት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ለትምህርት ቤቶች ባዘጋጀው ሰነድ አሥር ዋና ዋና የሕይወት ክህሎቶችን ዘርዝሯል። ውሳኔ መስጠት፣ ችግር መፍታት፣ በፈጠራ ማሰብ፣ ነገርን መርምሮ ማየት፣ መግባባት፣ ከሰው ጋር ተስማምቶ መኖር፣ ራስን ማወቅ፣ የሌላውን ስሜት መረዳት፣ የራስን ስሜት መግዛት፣ ጭንቀትን መቋቋም። ብር አያያዝ ለብቻው አልተጠቀሰም፤ ውሳኔ መስጠት ውስጥ ግን ተሸጉጦ አለ።

እኛ አገር ጉዳዩ ጨርሶ አልተረሳም። የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪዎች «ጄኔራል ሳይኮሎጂ ኤንድ ላይፍ ስኪልስ» የሚባል ኮርስ ይወስዳሉ። ጊዜ አጠቃቀሙም፣ ማስታወሻ አያያዙም፣ ጭንቀቱም ሞጁሉ ውስጥ አለ። ተማሪው ግን እሱንም እንደ ሌላው ይሸመድደዋል። ስለ ጊዜ አጠቃቀም ለመፈተን ሌሊቱን ሙሉ ሳይተኛ የሚያድር አይጠፋም!

ክህሎት የሚመጣው በመሥራት ነው። ሚኒ ሚዲያን እንውሰድ። አንዲት የ7ኛ ክፍል ልጅ ጠዋት ሰልፍ ላይ ማይክ ጨብጣ ዜና ታነባለች። ድምጿ ይንቀጠቀጣል። መሀል ላይ መስመሩ ይጠፋባታል፣ ሰልፈኛው ይስቃል፣ እሷም ፈልጋ አግኝታ ትቀጥላለች። በሳምንቱ ተመልሳ ትወጣለች። ስለ መግባባት አንድ ምዕራፍ ሙሉ ከማንበብ ይህ ይበልጣል ባይ ነኝ። የቡድን ሥራም እንደዚያው መሆን ነበረበት፤ አንዱ ጎበዝ ሠርቶት የአምስቱ ስም የሚጻፍበት ከሆነ ግን ምን ዋጋ አለው?

ቤት ውስጥ ደግሞ «አንተ ብቻ አጥና፣ ሌላውን ለኛ ተወው» እንላለን። በፍቅር ነው። (ሴቷ ልጅ ግን ብዙ ጊዜ ይህ ምሕረት አይደርሳትም፤ ወጥ ሠርታ፣ ዕቃ አጥባ ነው ደብተሯን የምትገልጠው።) ልጁ እንዲህ እየኖረ 18 ዓመት ይሞላዋል፣ ሽንኩርት በኪሎ ስንት እንደሚሸጥ እንኳ አያውቅም።

ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የሳምንቱን የታክሲና የምሳ ብር ሰኞ ጠዋት በአንድ ጊዜ ስጡት። ሐሙስ ላይ ካለቀበት ቶሎ አትጨምሩለት፤ ትምህርት ቤቱ ሩቅ ካልሆነ ዓርብን በእግሩ ይሂድ፣ ምሳውንም ከቤት ይቋጥር። አትቆጡትም። የሚቀጥለው ሰኞ ብሩን ስትሰጡት በየቀኑ እንዴት ሊያከፋፍለው እንዳሰበ ጠይቁት፣ መልሱን እሱ ራሱ ያስላው።