ትራቪስ ፒኪንግ ምንድን ነው?

አሜሪካዊው ጊታር ተጫዋች ቼት አትኪንስ ታዳጊ ሳለ ከሲንሲናቲ የሚተላለፍ ሬዲዮ ላይ አንድ ጊታር ሰማ። ቤዙም (ወፍራሙ ድምፅ) ዜማውም ከአንድ ጊታር ይወጣል። ተጫዋቹን ስላላየው በብዙ ጣት የሚመታ መሰለው። እሱም አውራ ጣቱንና ሌሎች ሦስት ጣቶቹን ይዞ መለማመድ ጀመረ። ሰውየው ግን ይጫወት የነበረው በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ብቻ ነበር።

ያ ሰው መርል ትራቪስ ነው። በ1917 እ.ኤ.አ. በኬንታኪ፣ የድንጋይ ከሰል በሚወጣበት አካባቢ ተወለደ። ስልቱ በስሙ ትራቪስ ፒኪንግ ተብሎ ይጠራ እንጂ የቀሰመው ከአገሩ ልጆች፣ ከሞዝ ሬገርና ከአይክ ኤቨርሊ ነው። የስልቱ ሐረግ ወደ ኋላ ሲመዘዝ ደግሞ አርኖልድ ሹልትዝ የተባለ ጥቁር ሙዚቀኛ ጋ ይደርሳል። የሹልትዝ ስም አብሮ አለመነሳቱ ሁሌም ይቆረቁረኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አውራ ጣት በወፍራሞቹ ክሮች ላይ እየተመላለሰ ምቱን ይይዛል። ሌሎቹ ጣቶች በቀጫጭኖቹ ላይ ዜማውን ያወጣሉ።

ሲ (C) የተባለውን ኮርድ፣ ማለትም አብረው የሚሰሙ ድምፆች ጥምረት፣ ያዙ። ክሮቹ የሚቆጠሩት ከቀጭኑ ጀምሮ ነው። አውራ ጣታችሁ አምስተኛውን ክር፣ ከዚያ አራተኛውን፣ እንደገና አምስተኛውን፣ እንደገና አራተኛውን ይምታ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ሌላ ጣት አታስገቡ። አሰልቺ ነው፤ አውቃለሁ። ግን አብዛኛው ሰው የሚሰናከለው እዚህ ጋ ቸኩሎ ነው። እኔ አውራ ጣቴ የተፈታ መሆኑን የማረጋግጠው በወሬ ነው። እየመታሁ ከሰው ጋር ማውራት ከቻልኩና ምቱ ካልተዛነፈ፣ ደርሷል ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ "አንድ" ላይ መሃል ጣት የመጀመሪያውን ክር ከአውራ ጣት ጋር እኩል ይንካ፤ ቆንጠጥ እንደማድረግ ነው። ቀጥሎ በ"ሁለት" እና በ"ሦስት" መካከል ሌባ ጣት ሁለተኛውን ክር ይምታ። በ"ሦስት" እና በ"አራት" መካከል ደግሞ መሃል ጣት ወደ መጀመሪያው ክር ይመለስ። አውራ ጣት ግን መንገዱን አይለቅም።

በጣም፣ በጣም ቀስ በሉ። መጀመሪያ ላይ አውራ ጣት ሌሎቹን ተከትሎ መሮጥ ያምረዋል። ሲያመልጣችሁ ጣቶቹን አቁሙና አውራ ጣትን ብቻውን መልሱት። አንድ ቀን እጃችሁን ሳታዩ ሁለቱ ድምፆች ለየብቻቸው ይሰሟችኋል። እኔ ይህ የሆነልኝ ቀን ያንኑ አንድ ኮርድ ይዤ እስኪመሽ ድረስ አልተነሳሁም።